ክሩ ስንት ዓመት ይቆያል?

የዓይን ሞራ የተገፈፈለት ሰው የሌለበት ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግራል። አያት፣ አባት፣ አክስት ወይም ጎረቤት፣ አንዳቸው በሆነ ጊዜ ሆስፒታል ገብተው፣ በማግስቱ ፋሻው ሲፈታላቸው «ተመስገን፣ አየሁ» ብለው ወጥተዋል። ከዚያ በኋላ ስለ ዓይናቸው የሚያነሳ የለም። ሞራው ተገፈፈ፣ ሌንስ ገባ፣ አለቀ ይባላል። ለአብዛኛው ሰው በእርግጥም ያለቀ ነገር ነው። ለጥቂቶች ግን ከዓመታት በኋላ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ያ የገባው ሌንስ በምን ተይዞ ነው የተቀመጠው? የያዘው ነገር ቢላላስ?

ይህ ጥያቄ በእኛ ቤት የመጣው በእናቴ ነው። እኔ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ኮሎራዶ መጥቼ፣ ከተመረቅሁ በኋላ እዚሁ የሶፍትዌር መሐንዲስ ሆኜ የቀረሁ ሰው ነኝ። እናቴ ከሦስት ዓመት በፊት ከጎንደር መጥታ አውሮራ ውስጥ አብራኝ ትኖራለች። ዕድሜዋ 68 ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ እኔንና ወንድሜን ያስተማረችን በአንዲት የሲንጀር መኪና ነው። እዚህ ከመጣችም በኋላ የሠፈሩ ሴቶች የሐበሻ ቀሚስ ሲጠብባቸውና ሲረዝምባቸው ወደ እሷ ነው የሚመጡት። ግራ ዓይኗን ግላኮማ ከወሰደባት ቆይቷል። ቀኝ ዓይኗ ደግሞ የዛሬ 11 ዓመት ገደማ አገር ቤት የሞራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ደህና ያይ ነበር። የምነግራችሁ ስለዚያ ስለ ቀረው አንድ ዓይን ነው።

ሌንሱን የያዘው ምንድን ነው?

የተፈጥሮ ሌንሳችን የሚቀመጠው ከአይሪስ፣ ማለትም ከዓይናችን ባለ ቀለም ክፍል፣ በስተኋላ ነው። ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ ጅማቶች ዙሪያውን ይዘው መሐል ላይ ያቆሙታል። ድንኳን በገመድ ዙሪያውን ተወጥሮ እንደሚቆም ማለት ነው። ሌንሱ ራሱ ያለው በስስ ከረጢት ውስጥ ነው። ሐኪሙ ሞራውን ሲያወጣ ከረጢቱን ይተወውና ሰው ሠራሹን ሌንስ እዚያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ይህ ሌንስ የመሐሉ ስፋት 6 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን እጆች አሉት። እንግዲህ ሌንሱን የሚይዘው ከረጢቱ ነው፤ ከረጢቱን የሚይዙት ጅማቶቹ ናቸው። ጅማቶቹ ከላሉ ሁሉም ተያይዞ ይወርዳል።

ሰው ሠራሽ ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ዓይን ውስጥ ያስገባው እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1949፣ ቦታው የለንደኑ ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላናቸው የፕላስቲክ ሽፋን ተሰብሮ ስብርባሪው ዓይናቸው ውስጥ የገባ አብራሪዎችን መርምሮ፣ ዓይናቸው በዚያ ፕላስቲክ እንዳልተቆጣ አስተውሎ ነበር። ሌንሱንም ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ አሠራው። ከመጀመሪያዎቹ ሌንሶች ግን አንዳንዶቹ ከቦታቸው እየተንሸራተቱ አስቸገሩ። ሌንስ ማስገባት አንድ ሥራ፣ ሌንስ ባለበት እንዲጸና ማድረግ ሌላ ሥራ መሆኑ ያኔውኑ ታወቀ።

ጅማቶቹ የሚላሉበት ምክንያት ብዙ ነው። በዓይን ላይ የደረሰ ምት፣ ማርፋን የሚባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም፣ ከዚህ በፊት የተደረገ ሌላ የዓይን ቀዶ ሕክምና ይጠቀሳሉ። እኛን ኢትዮጵያውያንን በይበልጥ የሚመለከተን ግን ፕሱዶኤክስፎሊዬሽን የሚባለው ነው። ዕድሜ ሲገፋ ፎረፎር የመሰለ ነጭ ብናኝ በሌንሱ፣ በአይሪሱና በጅማቶቹ ላይ ይከማቻል። ጅማቶቹን ቀስ በቀስ ያደክማል። የዓይንን የውስጥ ፈሳሽ መውጫ እየዘጋም ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፤ ግላኮማ የሚያመጣውም በዚህ መንገድ ነው። በመጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1917 በፊንላንድ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ የሰሜን አውሮፓውያን በሽታ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ በአገራችን የተደረገ ጥናት ግን ለሞራ ቀዶ ሕክምና ከተዘጋጁት ታካሚዎች መካከል ከሦስት ሰው ከአንድ በላይ በሚሆኑት ላይ አግኝቶታል።

ይህንን ከሌላ ቁጥር ጋር አያይዙት። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በኢትዮጵያ የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚያም ግማሽ ለሚሆነው ምክንያቱ የዓይን ሞራ መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ በዘመቻም በመደበኛ ሕክምናም ብዙ ሕዝብ ሞራው ተገፎለታል። ይህ ትልቅ ደስታ ነው። ያን ጊዜ ሌንስ የገባላቸው ሰዎች ግን አሁን ከነሌንሳቸው እያረጁ ነው። አንዳንዶቹም እንደ እናቴ ልጆቻቸውን ተከትለው ዴንቨር፣ ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ ገብተዋል።

«መርፌው ሁለት ሆነብኝ»

እናቴ ነገሩን ያወቀችው በሥራዋ ነው። አንድ ቀን ክር ስታስገባ «መርፌው ሁለት ሆነብኝ» አለች። በሳምንቱ ደግሞ ከታች በኩል እንደ ጨረቃ የተቆለመመ መስመር እንደሚታያት ነገረችኝ። ጭንቅላቷን ቀና ስታደርግ ጥርት ይልላታል፣ ጎንበስ ስትል ይደበዝዝባታል።

መጀመሪያ ሃቫና ጎዳና አካባቢ ያለ የመነጽር ሐኪም አያት። ሐኪሙ የዓይኗን ብሌን በጠብታ አስፍቶ ሲመለከት መነጽር መቀየሩን ትቶ በዚያው ቀን ወደ ዓይን ቀዶ ሐኪም ላካት። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ባለው በአንሹትዝ የሕክምና ካምፓስ ቀጠሮ ያዝን። ይህ ቦታ ድሮ ፊትዝሲመንስ የሚባል የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ነበር፤ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. በ1955 በልብ ድካም የታከሙት እዚሁ ነው። ዛሬ አውሮራ ውስጥ ለሚኖር ሰው በአር ላይን ባቡር የሚደረስበት ትልቅ የሕክምና ከተማ ሆኗል።

ሐኪሟ ያገኘችው ይህን ነው። ብናኙ አለ፣ ጅማቶቹ ከላይ በኩል ለቀዋል፣ ሌንሱ ከነከረጢቱ ወደ ታች ወርዷል። ጨርሶ አልወደቀም። ከቀሩት ጅማቶች ጋር ተንጠልጥሏል፤ እናቴ ዓይኗን ባንቀሳቀሰች ቁጥርም ይወዛወዛል። እነዚያም ከለቀቁ ሌንሱ ወደ ዓይኗ ወለል፣ ወደ ሬቲናው ላይ ይወድቃል።

እናቴ ይህን ሁሉ የሰማችው በአስተርጓሚ ነው። እዚህ አገር ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እኔ እንግሊዝኛውን እችላለሁ። ነገር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ልጅ ሆኜ መቀመጥ ፈለግሁ። «ልታጪው ትችያለሽ» የሚለውን ቃል ከእኔ አፍ እንድትሰማው አልፈለግሁም። አስተርጓሚዋ «እርስዎ» እያለች፣ ሳታሳጥርና ሳታለዝብ ነገረቻት። እናቴም ለእኔ የማትጠይቀውን ሁሉ ለሐኪሟ ጠየቀች።

የሚታሰብባቸው መንገዶች

ከረጢቱ ወይም ጅማቶቹ ሲያቅታቸው ሌንስ የሚጸናባቸው መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸው። የገባኝን ያህል በቀላሉ ላስረዳ።

የመጀመሪያው ሌንሱን ከአይሪስ ፊት ለፊት፣ በዓይን የፊተኛው ክፍል ማስቀመጥ ነው። ሥራው ፈጣን ነው። ሌንሱ ግን ለኮርኒያና ለፈሳሹ መውጫ ቅርብ ስለሚሆን፣ ኮርኒያው ለደከመ ወይም ግላኮማ ላለበት ሰው ብዙ ጊዜ አይመከርም።

ሁለተኛው ሌንሱን ከአይሪሱ ጋር ማያያዝ ነው፤ ወይ በክር ይሰፋል፣ ወይም ሌንሱ ራሱ እንደ ልብስ መቆንጠጫ አይሪሱን ቆንጥጦ ይይዛል። ይህን የሚቆነጥጥ ሌንስ የፈጠረው ኔዘርላንዳዊው ሐኪም ያን ወርስት ነው። እዚህ ላይ አይሪሱ ራሱ ጤነኛና ጠንካራ መሆን አለበት።

ሦስተኛው ሌንሱን ስክሌራ ከሚባለው ከዓይን ነጭ ግድግዳ ጋር በክር መስፋት ነው። ለረጅም ጊዜ የተለመደው ፖሊፕሮፒሊን የሚባል፣ ውፍረቱ የሰው ፀጉር ሲሶ ያህል የሆነ ክር ነበር። ይህ ቀጭን ክር ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአንዳንድ ታካሚዎች ዓይን ውስጥ እየተበጠሰ ሌንሱ እንደገና ወረደ። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች ወደ ወፈር ያለ ክር ወይም ወደ ጎርቴክስ ክር ዞሩ። ጎርቴክስ ኮሎራዶ ተራራ የሚወጡ ሰዎች የዝናብ ጃኬት ላይ የምናየው ስም ነው። ክሩ የተሠራው ለሌላ የሰውነት ክፍል ቀዶ ሕክምና ስለሆነ፣ ለዓይን የሚጠቀሙበት ሐኪሞች ይህንኑ ለታካሚው ይነግራሉ።

አራተኛው ያለ ክር ነው። የሕንዱ ሐኪም አማር አጋርዋል ከ2007 እና 2008 ጀምሮ የሌንሱን እጆች በስክሌራው ውስጥ በተበጀ ቦይ አስገብቶ፣ ከደም በሚሠራ ፋይብሪን በሚባል ማጣበቂያ የሚዘጋበትን ዘዴ አስተዋወቀ። ጃፓናዊው ሺን ያማኔ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ማጣበቂያም ክርም የማያስፈልገው ዘዴ አሳተመ። ሁለት በጣም ቀጫጭን መርፌዎች ግድግዳውን አልፈው ይገባሉ። የሌንሱ እጆች በመርፌዎቹ ቀዳዳ ውስጥ ተሰክተው ወደ ውጭ ይወጣሉ። ከዚያ ጫፋቸው በሙቀት ቀለጥ ተደርጎ እንደ ሚስማር ራስ ያብጥና ተመልሶ በግድግዳው ውስጥ ይቀበራል። እናቴ ይህን ስትሰማ «ይሄማ ያለ ክር የተቋጠረ ቋጠሮ ነው» አለች። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የትም አላነበብሁም።

ልብስ እንደ ጨርቁ ነው

ሙያዬ ነገሮችን በሠንጠረዥ አስቀምጦ ማወዳደር ነው። ማታ ማታ የሐኪሞች ጽሑፍ እያነበብሁ ዘዴዎቹን በአንድ ዓምድ፣ ጉዳታቸውን በሌላ ዓምድ ደረደርሁ። የምፈልገው አንድ አሸናፊ ነበር። አሸናፊ የለም። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተሙትን ጥናቶች መርምሮ አንዱ ዘዴ ከሌላው በግልጽ ይበልጣል የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘም። በ2020 እንደገና ሲመረምርም የደረሰበት እዚያው ነው።

ይህን ለእናቴ ነገርኋት። እኔን እንዳሳሰበኝ እሷን አላሳሰባትም።

«ልብስ እኮ እንደ ጨርቁ ነው የሚሰፋው» አለች። «ሐርና አቡጀዲ በአንድ ክር አይሰፋም። ሴትዮዋ የእኔን ጨርቅ አይታዋለች፤ እሷን ነው መጠየቅ።»

በሚቀጥለው ቀጠሮ እሷው ጠየቀች። የሐኪሟ መልስ ልክ እናቴ እንዳለችው ከጨርቁ የተነሳ ነበር። የዓይኑ ግፊት ስጋት ስላለ የፊተኛው ክፍል አይሆንም። ብናኙ አይሪሱን ስላሳሳው ከእሱ ጋር ማያያዝም አይመረጥም። የቀረው ከስክሌራው ጋር ማጽናት ነው። ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ አሮጌውን ሌንስ አውጥቶ አዲስ ማስገባት ይሻላል ወይስ ያንኑ መልሶ ማሰር የሚል ነው።

እዚህ ላይ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ጠቀመችን። እናቴ ከአገር ቤት ቀዶ ሕክምናዋ የተሰጣትን ወረቀት፣ የሌንሱ ተለጣፊ ምልክት እንዳለበት፣ ከፓስፖርቷ ጋር በላስቲክ አድርጋ ይዛው መጥታለች። ሌንሱ የማይታጠፍ፣ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ መሆኑ ከእሱ ታወቀ። በአገራችን በዘመቻ የሚገቡት ሌንሶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ርካሽና ጥሩ ሌንሶች ናቸው። የማይታጠፍ በመሆኑ ግን ለማውጣት ቢያንስ የሌንሱን ስፋት የሚያህል ቀዳዳ መክፈት ያስፈልጋል። አንድ ዓይን ብቻ ላላት ሴት ትልቅ ቀዳዳ ትልቅ ስጋት ነው። ሌንሱ ራሱ ደግሞ ምንም አልሆነም። የደከመው የያዘው ነገር ነው። ስለዚህ ሐኪሟ ክሩን በሌንሱ እጆች ዙሪያ በከረጢቱ በኩል አሳልፋ፣ ሌንሱን ባለበት ከስክሌራው ጋር በጎርቴክስ ማሰር መረጠች።

«ክሩ ስንት ዓመት ይቆያል?» አለች እናቴ።

ሐኪሟ አልሸሸችም። ጎርቴክስ እንደ ቀጭኑ ፖሊፕሮፒሊን ሲበጠስ እንዳልታየ፣ ነገር ግን ዓይን ውስጥ የተሞከረበት ዘመን ገና አጭር ስለሆነ ለሠላሳ ዓመት ዋስትና መስጠት እንደማትችል ነገረቻት።

«ቋጠሮውንስ የት ትደብቁታላችሁ?»

ሐኪሟ ፈገግ አለች። ዋናው ነገር እሱ ነው አለቻት። ቋጠሮው ስክሌራው ውስጥ ካልተቀበረ ቀስ በቀስ የላዩን ስስ ሽፋን ቀዶ ይወጣል፤ በዚያ በኩል ደግሞ ተሐዋስያን ሊገቡ ይችላሉ። እንዴት እንደምትቀብረው በወረቀት ሥላ አሳየቻት። እናቴ ሥዕሉን በደህናው አቅጣጫ ዘንበል አድርጋ አይታ «ደህና ሰፊ ነሽ» አለቻት። አስተርጓሚዋ ይህንንም ተረጎመችው።

አንድ ዓይን ያለው

ከባዱ ክርክር የመጣው ከቤተሰብ ነው። ጎንደር ያለው አጎቴ በስልክ «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ የቀረችውን አትንኩባት» አለ። ወንድሜም ከአዲስ አበባ እሱን ደገፈ። የሚሉት ከንቱ አልነበረም። እንዲህ ያለው ቀዶ ሕክምና ደም መፍሰስ፣ ተሐዋስያን መግባት፣ የሬቲና መላቀቅ ሊያስከትል ይችላል። ይህ የሚደርሰው በጥቂት ሰዎች ላይ ነው፤ በደረሰበት ዓይን ግን ብርሃን ሊያጠፋ ይችላል። እናቴ ሌላ የምትተካበት ዓይን የላትም።

በሌላ በኩል አለመንካትም ዋጋ አለው። ሌንሱ ባለበት አይቆይም። ከወደቀ የሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምና የበለጠ ከባድ ነው። እስከዚያው ደግሞ እናቴ መስፋት አትችልም፣ ብቻዋን አውቶቡስ አትሳፈርም፣ ሻይ ስትቀዳ ጽዋውን በጣቷ ጫፍ እየዳሰሰች ነው። እኔ ይህን በየቀኑ አያለሁ። እነሱ በስልክ ድምጿን ብቻ ይሰማሉ፤ ድምጿ ደግሞ አልተለወጠም።

ለሁለት ሳምንት ስልኩ አላረፈም። በመጨረሻ እናቴ ራሷ አጎቴን አናገረችው። እንዲህ አለችው፦ «ወንድሜ፣ አፈሩ አሁንም ዓይኔ ውስጥ ነው። እኔ አልተጫወትሁበትም፣ መጣብኝ እንጂ። አሁን የምጠይቅህ እንድትፈቅድ ሳይሆን እንድትጸልይልኝ ነው።» እሱም ዝም ብሎ ቆይቶ «እሺ እህቴ» አለ። እኔ በዚያ ቀን የተማርሁት ነገር ቢኖር፣ ዓይኑ የእሷ ስለሆነ ውሳኔውም የእሷ መሆኑን ነው። ልጅ መረጃ ያመጣል፣ መኪና ይነዳል፣ ጠብታ ይጨምራል። የሚያየው ሰው ግን ይወስናል።

ከተራራው በታች

ቀዶ ሕክምናው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀ። እናቴ ሙሉ በሙሉ አልተኛችም፤ ዓይኗ ብቻ ደነዘዘ፣ የሚያረጋጋ መድኃኒትም ተሰጣት። ክሩ እንዳይይዘው ቪትረስ የሚባለው ዝልግልግ ፈሳሽ በቅድሚያ ወጣ። ማታ እቤታችን ነበርን፣ በማግስቱ ለምርመራ ተመለስን።

ኮሎራዶ ላይ ለሚኖር ሰው አንድ ልዩ ማስጠንቀቂያ ተሰጠን። በመጨረሻው ላይ ሐኪሟ በዓይኗ ውስጥ ትንሽ የአየር አረፋ ትታ ነበር። አየር የውጭው ግፊት ሲቀንስ ይሰፋል። ዓይን ግን የተዘጋ ቤት ስለሆነ የሚሰፋው አረፋ የውስጡን ግፊት በአደገኛ ሁኔታ ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ አረፋው ጨርሶ እስኪጠፋ አውሮፕላን መሳፈርም ወደ ተራራው መውጣትም ክልክል ነው። ተራ አየር በቀናት ውስጥ ይጠፋል፤ በሌሎች የዓይን ቀዶ ሕክምናዎች የሚገቡ ጋዞች ግን ለሳምንታት፣ አንዱ ዓይነት እስከ ሁለት ወር ሊቆዩ ይችላሉ።

ያ ሳምንት ዘመዶቻችን ቅጠሉ ወርቅ የመሰለውን የአስፐን ዛፍ ለማየት በአይ ሰባ አውራ ጎዳና የሚወጡበት ነበር። እናቴ ገርሟት «ጎንደርስ ከፍታ አይደለም እንዴ?» አለች። እውነቷን ነው፤ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ትበልጣለች፣ ዴንቨር 1,609 ሜትር ናት። የሚጎዳው ግን አረፋው ከገባ በኋላ ያለው ለውጥ ነው። ከዴንቨር ተነስቶ 3,400 ሜትር ላይ ያለውን የአይዘንሃወር ዋሻ ለማቋረጥ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በዚያ አጭር ጊዜ ነው አረፋው የሚሰፋው። እሷ እቤት ቀረች፤ እነሱ ፎቶ ላኩላት፤ እያየች «ያን ያህልም አይደል» አለች።

ሁሉም እንደ ውኃ የፈሰሰ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የዓይኗ ግፊት ከፍ ብሎ ተጨማሪ ጠብታ ታዘዘላት። ዓይኗ ቀላ፣ ቆረቆራት፣ የማታ የመኪና መብራት አሁንም ይበተንባታል። የግላኮማ ጠብታዋ ዕድሜ ልኳን የሚቀጥል ነው። ሌንሱ ግን በቦታው ቆሟል። በሦስተኛው ወር አዲስ መነጽር ተሠራላትና ክሯን ራሷ አስገባች። ያ በጎንደር የገባው ሌንስ ነው፣ በአውሮራ የታሰረው።

በቤታችሁ ያሉትን ጠይቁ

ውድ አንባብያን፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። በቤታችሁ የሞራ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ካለ ግን ከእኛ ቤት የተገኘውን ይህን ውሰዱ።

የሌንሱ ወረቀት ይፈለግ። በሁሉም ሰው እጅ ባይኖርም፣ ካለ ከፓስፖርትና ከክትባት ካርድ ጋር ይቀመጥ፣ በስልክም ፎቶ ይነሳ። የሌንሱን ዓይነት ማወቅ ሐኪሙ ከማሰርና ከመቀየር አንዱን ለመምረጥ ይረዳዋል።

ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የሌንስ ጠርዝ የመሰለ ቅስት፣ በጎንበስ ቀና የሚለዋወጥ እይታ ካለ በቶሎ የዓይን ሐኪም ዘንድ ይኬድ። ድንገተኛ የብርሃን ብልጭታ፣ እንደ ትንኝ የሚዋኙ ብዙ ጥቁር ነጠብጣቦች፣ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ከታየ ግን በዚያው ቀን መታየት አለበት፤ ሬቲናው እየተላቀቀ ሊሆን ይችላል።

ዓይን ማሸት ይቅር። አቧራ ቢገባ እንኳ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ እንጂ በክንድ አይታሽ።

ፕሱዶኤክስፎሊዬሽን እንዳለበት የተነገረው ሰው ሌንሱ ደህና ቢሆንም ግፊቱን በየጊዜው ያስለካ። ግላኮማ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ሳይታወቅ ነው የሚወስደው።

ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ጥያቄያችሁንም አስቀድማችሁ ጻፉ። በእኔ ዓይን ውስጥ ጤነኛ የቀረው ምንድን ነው? ሌንሱን ታወጡታላችሁ ወይስ ታስሩታላችሁ? ምክንያታችሁ ምንድን ነው? ይህን ዘዴ እርስዎ ስንት ጊዜ ሠርተውታል? አየር ወይም ጋዝ ይገባል? ካልተሠራስ ምን ይሆናል?

ከሁሉ በላይ ለእናትና ለአባቶቻችን ጊዜ እንስጣቸው። ብዙዎቹ ከሐኪም ፊት ሲቀርቡ «እንዳላችሁ» ብለው ዝም ይላሉ፤ ይህ ከአክብሮት የመጣ ነው። ግን ዕድሜ ልካቸውን በሠሩት ሥራ የሚያውቁት ነገር አላቸው። ገበሬው ስለ ሥር፣ ግንበኛው ስለ ካስማ፣ ሰፊዋ ስለ ክር ያውቃሉ። በራሳቸው ቃል እንዲጠይቁ ከተውናቸው፣ ከእኛ ሠንጠረዥ ውስጥ የሌለውን ጥያቄ እነሱ ያነሱታል።